ከቤተ ክርስቲያኑ የቀደመው መቃብር

በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት፣ በዊልሚንግተን ከተማ ምሥራቃዊ ሰፈር፣ ከአካባቢው ድንጋይ የተሠራ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የተሰየመው በቅድስት ሥላሴ ነው፤ የከተማው ሰው ግን «የጥንት ስዊድናውያን ቤተ ክርስቲያን» እያለ ይጠራዋል። ሕንፃው ተመርቆ ለአገልግሎት የተከፈተው በ1699 ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው መካነ መቃብር ግን ከ1638 ጀምሮ ሙታን ሲያርፉበት ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። መቃብሩ ቤተ ክርስቲያኑን በ60 ዓመት ያህል ይቀድመዋል ማለት ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነው። በእኛ ልማድ መጀመሪያ ደብሩ ይተከላል፣ ታቦቱ ይገባል፤ ምእመኑ በቅጽሩ የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። የስዊድናውያኑም ሥርዓት በአገራቸው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ታዲያ በዴላዌር ነገሩ ለምን ተገለበጠ? መንግሥታቸው ከስፍራው ከጠፋ፣ ቋንቋቸውም ከተረሳ በኋላ መቃብሩ እስከ ዛሬ እንዴት ቆየ? ከዚህ ታሪክ እኔ የማገኘው ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ስደተኛ ማኅበረሰብ በሰው አገር ሥር የሚሰደው ሙታኑን በዚያ አፈር መቅበር ሲጀምር ነው፤ መቃብሩን ለዘመናት የሚያቆይለት ደግሞ የስም መዝገብ መያዙና ከወገኑ ውጭ ላለውም ሰው በሩን መክፈቱ ነው።

ሁለቱ መርከቦችና የመጀመሪያዎቹ ሙታን

በመጋቢት 1638 ካልማር ኒከል እና ፎገል ግሪፕ የተባሉ ሁለት መርከቦች በዴላዌር ወንዝ ገባር ዳርቻ፣ የተፈጥሮ ወደብ በመሰለ ድንጋያማ ስፍራ ላይ ቆሙ። የጉዞው መሪ ፒተር ሚኑዊት ቀደም ሲል የሆላንዳውያን ቅኝ ግዛት ገዥ የነበረ፣ በማንሃተን ደሴት ግዥ ስሙ የሚነሳ ሰው ነው። ከቀድሞ ጌቶቹ ጋር ተጣልቶ ስለ ነበር አገልግሎቱን ለስዊድን ዘውድ አቀረበ። በስፍራው ምሽግ ሠርቶ ገና የ11 ዓመት ልጅ በነበረችው የስዊድን ንግሥት ስም ክሪስቲና አለው፤ ወንዙም ስሟን ወሰደ። ሚኑዊት ራሱ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ በዚያው ዓመት በካሪቢያን ባሕር በማዕበል ጠፋ።

ምድሩ ባለቤት ነበረው። የሌናፔ ሕዝብ በወንዙ ግራና ቀኝ ያርስ፣ ያድንና ዓሣ ያጠምድ ነበር። ሚኑዊት ከሌናፔ አለቆች ጋር ተዋውሎ መሬቱን ገዛሁ አለ። የሌናፔዎች እምነት ግን ሌላ ነበር። መሬት አብሮ የሚጠቀሙበት እንጂ ለዘለዓለም አሳልፈው የሚሸጡት ነገር ነው ብለው አያስቡም ነበር። ይህ አለመግባባት በኋላ ብዙ ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ ዘራቸው እየተገፋ ወደ ምዕራብ ሄዶ ዛሬ ትልልቆቹ የሌናፔ ማኅበረሰቦች ያሉት በኦክላሆማና በካናዳ ኦንታሪዮ ነው። የስዊድናውያኑን መቃብር ታሪክ ስናነብ ይህን መዘንጋት ተገቢ አይደለም። አንዱ ወገን ሙታኑን እየቀበረ ሥር ሲሰድ፣ ሌላው ከአባቶቹ መቃብር እየራቀ ነበር።

በምሽጉ የቀሩት ሰፋሪዎች ሁለት ደርዘን ያህል ወንዶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት መርከቦች ወታደሮችን፣ ገበሬዎችን፣ ቤተሰቦችንና ጥፋተኛ ተብለው የተጋዙ ሰዎችን አመጡ። ፊንላንድ ያኔ የስዊድን ግዛት ስለ ነበረች ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ፊንላንዳውያን ነበሩ። በ1639 አንቶኒ የተባለ አፍሪካዊ በፎገል ግሪፕ ተሳፍሮ መጥቶ ከእነርሱ ጋር ኖሯል። ከመነሻው ጀምሮ «የስዊድናውያን» የተባለው ማኅበረሰብ አንድ ዘር ብቻ አልነበረም።

ሞት ቶሎ መጣ። የበጋው ንዳድ፣ የክረምቱ ብርድ፣ የምግብ እጥረትና የጉልበት ሥራው ሰውን ጨረሰው። ሬዎሩስ ቶርኪሉስ፣ ዛሬ ዩናይትድ ስቴትስ በምትባለው ምድር ተቀምጦ ያገለገለ የመጀመሪያው የሉተራን ቄስ፣ በ1640 መጥቶ በ1643 በዚያው በክሪስቲና ሞተ። በ1647 ገዥው ዮሐን ፕሪንትስ ወደ ስዊድን በላከው ሪፖርት መላው ቅኝ ግዛት 183 ነፍስ እንዳለው ጽፏል። ይህን በሚያህል ሕዝብ ውስጥ የአንድ ሰው ሞት የአንድ ቤት ኀዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ምሽጉን የሚጠብቀው፣ እህሉን የሚያጭደው ጎድሏል።

ሬሳው ግን ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ አይጠብቅም። አምልኮው በምሽጉ ውስጥ ይካሄድ ነበር፤ ለመቃብር የተመረጠው ከምሽጉ ጥቂት ርቆ ከፍ ያለው ቦታ ነው። ፕሪንትስ መቀመጫውን ወደ ቲኒከም ደሴት አዛውሮ በዚያ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ባሠራ ጊዜ ነገሩ በሥርዓቱ መሠረት ሆነ፤ ቄስ ዮሐንስ ካምፓኒዩስ በመስከረም 1646 ቤተ ክርስቲያኑን ከነመቃብር ቦታው ባረከ፣ በጥቅምት ወር መጨረሻም አንዲት ካታሪና የተባለች ልጅ በዚያ መጀመሪያ ተቀበረች። የአገራቸው ወግ ይህ ነበር። በክሪስቲና የሆነው ግን በችግር የመጣ ነው። ሰፋሪዎቹ ወጋቸውን ሽረው ሳይሆን ሞት ስለ ቀደማቸው መቃብሩን አስቀደሙ።

መንግሥት ሄደ፣ መቃብሩ ቀረ

የስዊድን ቅኝ ግዛት የቆየው 17 ዓመት ብቻ ነው። ስዊድን እስከ 1648 በአውሮፓ የሠላሳ ዓመት ጦርነት ተጠምዳ ስለ ነበር ለሩቁ ሰፈር ብዙ ሰውም ገንዘብም አልነበራት። ፕሪንትስ ዓመት ከዓመት የእርዳታ ደብዳቤ ቢጽፍም ረዘም ላሉ ዓመታት አንድም መርከብ አልደረሰለትም። በ1655 የሆላንዳውያኑ ገዥ ፒተር ስታይቬሰንት ከኒው አምስተርዳም በ7 መርከብ ጦር ይዞ መጣ፤ ምሽጉ እጅ ሰጠ፣ የስዊድን ባንዲራም ወረደ። በ1664 ደግሞ እንግሊዞች ሆላንዳውያኑን አስወጡና ምድሩን ያዙ።

ወታደሮቹና ሹማምንቱ ሲመለሱ አብዛኞቹ ገበሬዎች ቀሩ። ለምን ቀሩ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ ድል አድራጊዎቹ እርሻቸውንም ሃይማኖታቸውንም እንዲይዙ ፈቀዱላቸው። ሁለተኛ፣ በአገራቸው ያላገኙትን ሰፊ መሬት አቅንተው ነበር። ሦስተኛውን ምክንያት ሰነድ አይነግረንም፤ መገመት ግን አይከብድም። 17 ዓመት ቀላል ዕድሜ አይደለም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጅ ያልቀበረ፣ የትዳር ጓደኛውን ያላጣ ቤት ጥቂት ነበር። ወደ ስዊድን መመለስ እነዚህን ትቶ መሄድ ነው።

የቀሩት በሃይማኖት አገልግሎት በኩል ተራቡ። ላርስ ሎክ የተባለው ቄስ እስከ 1688 አገለገለ። ከእርሱ በኋላ የቀረው ያኮብ ፋብሪሲዩስ በእርጅናው ዐይኑ ጠፍቶ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ቄስ የሚባል አልነበረም። በወንዙ ደቡብ በክሬን ሁክ በ1667 በተሠራችው የግንድ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ የስብከት መጽሐፍ ለሕዝቡ ያነብ የነበረው ቻርልስ ስፕሪንገር የተባለ ምእመን ነው። የስፕሪንገር ታሪክ ራሱን የቻለ የስደት ታሪክ ነው። ስቶክሆልም ተወልዶ ለንደን ሳለ በግድ ተጠልፎ ወደ ቨርጂኒያ ተወሰደ፣ በዚያም 5 ዓመት በባርነት መሰል አገልግሎት ከቆየ በኋላ የአገሩ ሰዎች በዴላዌር መኖራቸውን ሰምቶ ወደ እነርሱ መጣ።

በ1693 ስፕሪንገር በማኅበረሰቡ ስም ወደ ስዊድን ደብዳቤ ጻፈ። የጠየቁት መሣሪያ ወይም ገንዘብ አልነበረም። ቄሶች፣ መጽሐፍ ቅዱሶች፣ 200 የትምህርተ ሃይማኖት መጻሕፍትና 200 የፊደል መማሪያዎች እንዲላኩላቸው ለመኑ፤ ዋጋውንም እንከፍላለን አሉ። ከደብዳቤው ጋር የቤተሰቦቻቸውን ዝርዝር ላኩ፦ 188 ቤተሰብ፣ ከ900 በላይ ሰው። ያ 183 የነበረ ሕዝብ ያለ ረዳት በዝቶ ነበር። ንጉሥ ካርል 11ኛ ልመናቸውን ተቀብሎ ሦስት ቄሶችን፣ አንድሬያስ ሩድማንን፣ ኤሪክ ቢዮርክንና ዮናስ ኦሬንን፣ ከብዙ መጻሕፍት ጋር ላከ። በ1697 ዴላዌር ደረሱ።

በሙታን ላይ የቆመ ቤት

ቢዮርክ ክሪስቲና ደረሰ። አሮጌዋ የግንድ ቤተ ክርስቲያን አርጅታ፣ ቦታዋም ረግረጋማ ሆኖ አገኛት። አዲስ እንሥራ ሲባል ሁሉም ተስማማ፤ የት ይሠራ ሲባል ግን ክርክር ተነሣ። ከወንዙ ደቡብ ያሉት ወደ ሰሜን መሻገር ይከብደናል አሉ። ሰበካ ያለበት አገር ሁሉ ይህን ዓይነት ክርክር ያውቀዋል። በመጨረሻ የተመረጠው በክሪስቲና ያለው የቀድሞው መቃብር ቦታ ሆነ።

ለምርጫው ተግባራዊ ምክንያቶች ነበሩ፤ ቦታው ከፍ ያለና ውኃ የማይተኛበት ነው፣ ለወንዙም ቅርብ ነው። ሆኖም ስፍራው ባዶ ሜዳ አልነበረም። በዚያ አፈር ውስጥ የ60 ዓመት ሙታን ነበሩ። ሕንፃው ከመቃብሩ አጠገብ ብቻ አልተሠራም፤ ግድግዳው የቆመው ከቀድሞዎቹ መቃብሮች በአንዳንዶቹ ላይ ነው። ዛሬ ይህን ስንሰማ ሙታንን እንደ መረበሽ ሊመስለን ይችላል። ለዚያ ዘመን ክርስቲያን ግን ጸሎትና ቅዳሴ በሚሰማበት ወለል ሥር ማረፍ ክብር ነበር፤ በስዊድን ባለጸጎችና ቀሳውስት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመቀበር ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። በክሪስቲና ስም የሌላቸው ድሆች ይህን ክብር ያለ ክፍያ አገኙት።

ግንባታው በ1698 ተጀመረ። የድንጋይ ሥራውን የያዘው ከፊላደልፊያ የመጣ እንግሊዛዊ ግንበኛ ነበር፤ አናጢዎቹም እንግሊዛውያን ነበሩ። ሕንፃው ወርዱ 30፣ ርዝመቱ 60፣ ከፍታው 20 ጫማ ነው። በስተ ምዕራብ ባለው ግድግዳ ላይ አንጥረኛ የቀጠቀጣቸው የብረት ፊደላት በላቲን ቋንቋ የእምነታቸውን ቃል ያነባሉ። ሰኔ 4 ቀን 1699፣ በሥላሴ እሑድ፣ ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት ሩድማን በዛሬዋ ፊላደልፊያ ግሎሪያ ዴይ የተባለውን እኅት ቤተ ክርስቲያን አስመረቀ፤ እርሱም እስካሁን ከነመቃብሩ ቆሟል።

ከ50 ዓመት ግድም በኋላ የጣሪያው ክብደት የዊልሚንግተኑን ሕንፃ ግድግዳ ወደ ውጭ ይገፋው ጀመር። ለድጋፍ ሲባል ቅስት ያላቸው በረንዳዎች በጎንና በጎን ተገነቡ፤ እነርሱም ያረፉት በመቃብሩ ግቢ ላይ ነው። በ1802 ደግሞ የደወል ማማው ተጨመረ። ቤተ ክርስቲያኑ ባደገ ቁጥር ሙታኑን ይበልጥ እየሸፈነ ሄዷል።

ድንጋይ ሲሟሟ መዝገብ ያወራል

የዚህን መቃብር ታሪክ በሦስት ዘመን ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ከ1638 እስከ 1697 ያለው ነው። የዚያን ጊዜ ሙታን የተቀበሩት ቢበዛ የእንጨት ምልክት ተተክሎላቸው ነው፤ በዴላዌር ርጥበት እንጨት ከአንድ ትውልድ በላይ አይቆይም። በስፍራው በየጊዜው የሞቱትን እየመዘገበ የኖረ ቄስም አልነበረም። ስለዚህ ይህ ዘመን የቀረልን እንደ አፈር ብቻ ነው፤ ሰዎቹ መኖራቸው ይታወቃል፣ ማን የት እንዳረፈ ግን አይታወቅም።

ሁለተኛው ዘመን ከ1697 ይጀምራል። በ1686 የወጣው የስዊድን የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቄስ የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር። ቢዮርክ ይህን ልማድ ይዞ መጣ። መዝገቡ ውስጥ የሰበካ ጉባኤው ውሳኔ፣ የመዋጮው ሒሳብ፣ የተጠመቁትና የተቀበሩት ሰዎች ስም በስዊድንኛ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ሬሳ ወደ መሬት ሲወርድ ስም ወደ መጽሐፍ ይገባ ነበር። ብዙዎቹ ድንጋይ የማቆም አቅም አልነበራቸውም፤ ሆኖም በመዝገቡ አሉ። ደብዳቤውን የጻፈው ስፕሪንገርም በ1738 አርፎ በዚሁ ስፍራ ተቀበረ።

ሦስተኛው የድንጋዩ ዘመን ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ሀብት ሲያድግና ጠራቢዎች ሲበዙ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ተበራከቱ። ድንጋይ ዘላለማዊ ይመስላል፤ እንደዚያ ግን አይደለም። እብነ በረድ በካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ስለ ሆነ የዝናብ አሲድ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ከድንጋይ ከሰል ጭስ ጋር የሚወርድ ዝናብ ደግሞ ይበልጥ ያፋጥነዋል። የአሸዋ ድንጋይ በብርድ ወራት በውስጡ የገባው ውኃ በረዶ ሲሆን እየተላጠ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ከ200 ዓመት በኋላ የሚቀረው ፊደሉ የጠፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው።

መዝገቡ ግን ተረፈ። በ1890 ሆራስ በር የተባለ ሰው ከ1697 እስከ 1773 ያለውን መዝገብ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ የዴላዌር ታሪክ ማኅበር አሳተመው። በዚያ ዘመን ከምእመናኑ ስዊድንኛ የሚያነብ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ትርጉሙ ባይሠራ ኖሮ የቅድመ አያቶቻቸው ስም በእጃቸው ያለ ግን የተዘጋ ነገር ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ የትውልድ ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ሰዎች የሚሄዱት ወደ ድንጋዮቹ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ይህን መዝገብ ይገልጣሉ። ጠንካራ የመሰለው ድንጋይ ሟሙቶ፣ ደካማ የመሰለው ወረቀት የበለጠ ስም አዳነ። ወረቀቱን ያዳነው ደግሞ ያነበበውና የገለበጠው ሰው ነው።

ቋንቋው ሲያልቅ

በ1730ዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ ከተማ ተቆረቆረ፤ በ1739 የከተማነት ፈቃድ አግኝቶ ዊልሚንግተን ተባለ። ነዋሪው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበር። የስዊድናውያን ልጆች ከጎረቤት ተጋቡ፣ በእንግሊዝኛ ተገበያዩ፣ ስማቸውንም እንደ እንግሊዝኛው አነባበብ ለወጡ። በ1748 አካባቢውን የጎበኘው የሥነ ፍጥረት ሊቅ ፔር ካልም ስዊድንኛው በእንግሊዝኛ እየተዋጠ መሄዱን ጽፏል። ከ1749 እስከ 1756 በክሪስቲና ያገለገለውና በ1759 ኒው ስዊድን ይባል የነበረውን የዚህን ቅኝ ግዛት ታሪክ በስቶክሆልም ያሳተመው ቄስ ኢስራኤል አክሬሊዩስም በዚሁ ተጨንቋል።

እዚህ ላይ የማኅበረሰቡ ውሳኔ ትኩረት ይሻል። ቤተ ክርስቲያኑ በስዊድንኛ ብቻ ይቀጥል ብለው ቢጸኑ ኖሮ ወጣቶቹ ወደ ሌላ ደብር ይሄዱ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉም መቃብሩ ያለ ጠባቂ ይቀር ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ስብከቱ ቀስ በቀስ ወደ እንግሊዝኛ ተሸጋገረ፣ ስዊድናዊ ያልሆነ ጎረቤትም ተቀበለ። የደብሩ የመጨረሻው የስዊድን ቄስ ላውረንስ ጊሬሊዩስ በ1791 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ምእመናኑም ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወደ ወጣችው የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ።

ለምን ወደ ሌላ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም? በዚያ ጊዜ በአካባቢው የነበሩት ሉተራውያን በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ እንግሊዝኛ ለለመደ ስዊድናዊ ጀርመንኛ አዲስ ባዕድ ቋንቋ ነው። በሌላ በኩል የስዊድን ቤተ ክርስቲያን እንደ እንግሊዙ ሁሉ ጳጳሳትና የተደነገገ የጸሎት ሥርዓት ነበራት፤ የስዊድን ቄሶችም ቄስ ባጡ የእንግሊዝ አጥቢያዎች ለዓመታት ሲያገለግሉ ኖረዋል። ሽግግሩ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የመሻገር ያህል ቀላል ነበር። በዚህ ምክንያት የዛሬዎቹ ጥንታውያን የስዊድን አብያተ ክርስቲያናት የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ቋንቋን ማጣት በእርግጥ ከባድ ጉዳት ነው፤ ከቋንቋው ጋር መዝሙር፣ ቀልድና የለቅሶ ቃል ይጠፋል። ነገር ግን የመቃብሩን ዕድሜ ያራዘመው ይኸው በር መክፈት ነው። ከስዊድናውያኑ ጎን እንግሊዛውያንና የሌሎች ዘሮች ተቀበሩ። በ1885 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው፣ በኋላም በብሪታንያ በአምባሳደር ማዕረግ አገሩን የወከለ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ቶማስ ባያርድ በ1898 በዚህ ግቢ አረፈ። በፊላደልፊያው ግሎሪያ ዴይም በ1813 የሞተው ታዋቂው የአዕዋፍ አጥኚ አሌክሳንደር ዊልሰን ተቀብሯል፤ እርሱ በትውልድ ስኮትላንዳዊ ነበር። አዲስ ሙታን አዲስ ወዳጅ ዘመድ ያመጣሉ፣ ወዳጅ ዘመድ ደግሞ አጥር ያጥራል፣ ሣር ያጭዳል።

ፋብሪካውና ቅርሱ

ከዚያ በኋላም ፈተና አልቀረም። በ1830 አካባቢ ምእመናኑ በከተማው መካከል አዲስ ጸሎት ቤት ሠርተው አሮጌውን ለቀቁት፤ መስኮቱ ተሰብሮ፣ በሩ ተከፍቶ ከ10 ዓመት በላይ ቆየ። በ1842 ታድሶ ተከፈተ። በእነዚያ ዓመታት ሕንፃው ባዶ ቢሆንም ግቢው ባዶ አልነበረም። በውስጡ ያረፉት ሰዎች ዘሮች በከተማው ይኖሩ ነበርና ቦታውን ሙሉ በሙሉ ሊረሱት አልቻሉም። ሕንፃውን ለመታደግ የቀሰቀሳቸው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

በ19ኛው መቶ ዘመን የክሪስቲና ወንዝ ዳርቻ የመርከብና የባቡር ፉርጎ ፋብሪካዎች ሰፈር ሆነ፤ የባቡር ሐዲድም በአቅራቢያው ተዘረጋ። እርሻው ወደ መንገድና ወደ ቤት ሲለወጥ በአካባቢው ያለው ሁሉ ተቀየረ፤ መቃብሩ ግን እንዳለ ቀረ። መሬት ሲወደድ የእርሻ ማሳ ይሸጣል፣ ሙታን ያሉበትን መሬት ለመሸጥ ግን የሰው ልብም ሕግም ያመነታሉ።

በ1938 የ300ኛው ዓመት መታሰቢያ ሲከበር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በተገኙበት መርከቦቹ በቆሙበት ስፍራ ስዊድናዊው ቀራፂ ካርል ሚለስ የሠራው ጥቁር የግራናይት ሐውልት ተመረቀ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1961 የአገር አቀፍ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ፤ በ2014 ዴላዌር የመጀመሪያውን ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርኳን ስታገኝ ይህም ስፍራ ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ። ይህ ሁሉ ክብር የመጣው ግን ተራ ምእመናን ቦታውን ለ300 ዓመት ከጠበቁት በኋላ ነው።

ከ200 ዓመት በኋላ የተደገመው

በ19ኛው መቶ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ከ1,000,000 በላይ ስዊድናውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። እነዚህ ስለ ዴላዌሮቹ ብዙም አያውቁም ነበር፤ የገጠማቸው ግን ያው ነው። በኢሊኖይ ግዛት በአንዶቨር የሰፈሩት በ1849 ከደረሰው ከቄስ ላርስ ፖል ኤስብዮርን ጋር ጸሎት ቤት መሥራት ጀመሩ። ዝነኛዋ ድምፃዊት ጄኒ ሊንድ 1,500 ዶላር ለገሰቻቸው። ግንባታው ሳያልቅ የኮሌራ ወረርሽኝ ገባ። የሕንፃው ምድር ቤት የበሽተኞች ማረፊያ ሆነ፤ ለደወል ማማው የተዘጋጀው ጣውላም ለሬሳ ሳጥን ዋለ። በ1854 የተመረቀው ጸሎት ቤት ያለ ማማ ቀረ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው፣ መቃብሩም አጠገቡ ነው። የስደተኛ ማኅበረሰብ የመጀመሪያ ትልቅ ወጪው ብዙ ጊዜ ለሙታኑ የሚያወጣው ነው።

ለእኛ ምን ይለናል?

ዊልሚንግተን ከዋሽንግተን በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተክለዋል፣ ዕድር መሥርተዋል። ሰው ሲሞት የሚነሣው ጥያቄ ያው ነው፦ ሬሳው ወደ አገር ቤት ይሄዳል ወይስ እዚሁ ይቀበራል? ለአገሬ አፈር አብቃኝ የሚለው ጸሎት ከአፋችን አይጠፋም፤ ብዙ ቤተሰብም ከባድ ወጪ ተሸክሞ ሬሳ ወደ ኢትዮጵያ ይልካል። ሌሎች ደግሞ ልጆቻቸው መቃብራቸውን እንዲጎበኙ ብለው በዚያው ያርፋሉ። ሁለቱም የፍቅር ውሳኔዎች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው አላስበልጥም።

በሰው አገር የሚቀብር ማኅበረሰብ ግን ከዴላዌሮቹ ሊማር ይችላል። 60 ዓመት ሙሉ የሙታናቸው ስም ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ያንን የሚመልስ ምንም ኃይል የለም። ቀሪዎቹን ያተረፈው ቄስ በብዕሩ ያሰፈረው መስመር፣ ከዚያም ቋንቋው ከጠፋ በኋላ የተረጎመው ሰው ድካም ነው። እኛም ገና ብዙ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ማን መቼ የት እንደ ተቀበረ፣ ከየት እንደ መጣ፣ የማን ልጅ እንደ ነበረ መጻፍ እንችላለን።

ስለዚህ በውጭ አገር ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፦ የቀብር መዝገብ ይኑራችሁ። በአማርኛና በምትኖሩበት አገር ቋንቋ ጻፉት፤ የልጅ ልጆቻችሁ አማርኛ ላያነቡ ይችላሉና። ቅጂውን በአንድ ሰው ቤት ሳይሆን በሁለትና በሦስት ቦታ አስቀምጡ። ለመቃብር የተገዛ ቦታ ካለ ሰነዱ በማኅበሩ ስም ይሁን። ወላጆቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ደግሞ የሙሉ ስማቸውን፣ የትውልድ ቀያቸውንና የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ዛሬ ጠይቃችሁ ጻፉ።